የኦኩፔሽናል ቴራፒስት ደመወዝ በካሊፎርኒያ፦ ከአንድ አማካይ ቁጥር በስተጀርባ ያለው ልዩነት

መግቢያ

በስትሮክ ምክንያት አንድ እጁ የሰነፈ ሰው ሸሚዙን ራሱ እንዲቆልፍ፣ ምግቡን ራሱ እንዲጎርስ፣ እርሳስ መያዝ ያቃተው ሕፃንም ከእኩዮቹ ጋር እንዲጽፍ የሚያሠለጥን ባለሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይባላል። ሙያው በአሜሪካ በማኅበር የተደራጀው በ1917 ሲሆን፣ ዛሬ በዚያች አገር ወደ 150,000 የሚጠጉ ባለሙያዎች ተሰማርተውበታል። በአገራችን ግን ገና አዲስ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሥልጠናውን መስጠት ጀምሯል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥልጠናው ሲጀመር ከውጭ የሚመጣ የደመወዝ መረጃም አብሮ ይመጣል። ተመራቂው የሙያውን ተስፋ ለመገመት፣ ተመራማሪው ስለ ባለሙያዎች ፍልሰትና ስለ ሰው ኃይል ዕቅድ ለመጻፍ የአሜሪካን ቁጥሮች ይጠቅሳል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ እንደሚያሳየው የሙያው ዓመታዊ ሚዲያን ደመወዝ፣ ማለትም ግማሾቹ ከእርሱ በላይ፣ ግማሾቹ ከእርሱ በታች የሚያገኙት መጠን፣ በግንቦት 2023 96,370 ዶላር፣ በግንቦት 2024 ደግሞ 98,340 ዶላር ነበር። የካሊፎርኒያ አማካይ ከዚህ ከፍ ብሎ ከ100,000 ዶላር ያልፋል።

ይሁን እንጂ ካሊፎርኒያ 58 ካውንቲዎችን የያዘች፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ እስከ ፍሬዝኖ የእርሻ ሸለቆ፣ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሰሜን ምሥራቋ የሞዶክ ካውንቲ የተዘረጋች ግዛት ናት። በውስጧ ያለው የደመወዝ ልዩነት ብዙ ጊዜ የቦታ ልዩነት ተደርጎ ይነበባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ንባብ ከፊል ብቻ መሆኑን ማሳየት ነው። የቦታ ልዩነት መስሎ የሚታየው ነገር በከፍተኛ ደረጃ የከፋይ ልዩነት ነው፤ ከፋዩ ማን እንደሆነና ከፋዩ ራሱ ገንዘቡን በምን ቀመር እንደሚያገኝ ካልታወቀ የደመወዙን ካርታ ማንበብ አይቻልም።

ቁጥሩ ምን ይለካል?

አብዛኛው የደመወዝ መረጃ የሚመነጨው ቢሮው በየዓመቱ ከሚያወጣው የሥራ ዘርፎች ቅጥርና ደመወዝ ጥናት ነው። ጥናቱ መረጃውን የሚሰበስበው ከሠራተኞች ሳይሆን ከቀጣሪዎች ሲሆን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በስድስት ዙር ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጉ የሥራ ቦታዎችን ይጠይቃል። ከዚህ አሠራር አራት ውጤቶች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ የራሳቸውን ክሊኒክ ከፍተው የሚሠሩ ባለሙያዎች በቁጥሩ ውስጥ የሉም። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው የሚቆጠረው በሚኖርበት ሳይሆን በሚሠራበት አካባቢ ነው። በስቶክተን እየኖረ ወደ ኦክላንድ የሚመላለስ ባለሙያ ደመወዙ የሚመዘገበው ለኦክላንድ ነው፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ግን በስቶክተን ዋጋ ነው። ሦስተኛ፣ የአንድ ዓመት ውጤት የበርካታ ዙሮች ድምር በመሆኑ ያለፈውን ዓመት ከዘንድሮው ቀንሶ የደመወዝ ጭማሪን መለካት አሳሳች ሊሆን ይችላል።

አራተኛውና ለሙያችን ይበልጥ የሚያሳስበው ደመወዝ ተብሎ የሚቆጠረው ነገር ወሰን ነው። መሠረታዊ ክፍያና በሥራ ውጤት ላይ የተመሠረተ ጉርሻ ይካተታሉ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የፈረቃ ልዩነት ክፍያ፣ የመኖሪያና የምግብ አበል ግን አይካተቱም። በአሜሪካ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ ለጥቂት ወራት የሚቀጠሩ ቴራፒስቶች ከገቢያቸው ከፍተኛውን ድርሻ የሚያገኙት በመኖሪያ አበል መልክ ነው። ባለሙያ የሚቸግራቸው ገጠራማ አካባቢዎች ደግሞ ክፍተታቸውን ብዙ ጊዜ የሚሞሉት በእነዚህ ተዘዋዋሪዎች ነው። በመሆኑም አንድ ሩቅ ሆስፒታል ለአንድ ባለሙያ የሚያወጣው ትክክለኛ ወጪ በይፋዊው የደመወዝ ቁጥር ውስጥ ላይታይ ይችላል።

ከዚህ ሌላ የዓመታዊው ስሌት ጉዳይ አለ። ጥናቱ የሰዓት ክፍያን ወደ ዓመታዊ የሚቀይረው በ2,080 ሰዓት በማባዛት ነው፤ ይህም በሳምንት 40 ሰዓት ለ52 ሳምንታት መሥራት ማለት ነው። በግማሽ ቀን የሚሠሩ ወይም ክረምቱን የማይሠሩ ባለሙያዎች በበዙበት ሙያ፣ በወረቀት ላይ የሚነበበው ዓመታዊ ደመወዝና በእጅ የሚገባው ገንዘብ የተለያዩ ናቸው።

ከፋዩ ማን ነው?

ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች በሆስፒታሎች፣ በነርሲንግ ተቋማት፣ በቤት ለቤት ሕክምና ድርጅቶች፣ በግል ክሊኒኮች፣ በትምህርት ቤቶችና በካውንቲ ጤና ቢሮዎች ይቀጠራሉ። በብሔራዊ ደረጃ የነርሲንግ ተቋማትና የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅቶች ከፍ ያለ ሚዲያን ደመወዝ የሚከፍሉ ሲሆን፣ የትምህርት ተቋማት ዝቅተኛውን ይከፍላሉ። ፈቃዱና ብሔራዊ ፈተናው ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ክፍያው የሚለያየው እያንዳንዱ ቀጣሪ ገንዘቡን ከተለያየ ምንጭ ስለሚያገኝ ነው።

የነርሲንግ ተቋማትን እንመልከት። ለአጭር ጊዜ ማገገሚያ ለሚገቡ አረጋውያን ዋናው ከፋይ ሜዲኬር የተባለው የፌዴራል የጤና መድን ነው። እስከ መስከረም 2019 ድረስ በነበረው አሠራር ተቋሙ የሚያገኘው ዕለታዊ ክፍያ በአብዛኛው የሚወሰነው ታካሚው ባገኘው የቴራፒ ደቂቃ ብዛት ነበር፤ ከፍተኛው የማገገሚያ ደረጃ በሳምንት 720 ደቂቃ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ሥርዓት ቴራፒስት ለተቋሙ ገቢ አምጪ ነበር። ከጥቅምት 1 ቀን 2019 ጀምሮ ግን ክፍያው በታካሚው የጤና ሁኔታ ላይ እንዲመሠረት ተደረገ፤ ለኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚታሰበው ክፍልም ከ20ኛው ቀን በኋላ ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ሆነ። ከለውጡ በኋላ የወጡ ጥናቶች የቴራፒ ደቂቃዎች መቀነሳቸውን አሳይተዋል። ከጥር 2020 ጀምሮ በቤት ለቤት ሕክምናም ተመሳሳይ ለውጥ ተደርጓል። ስለዚህ ዛሬም ከፍ ብሎ የሚታየው የሰዓት ክፍያ የተረጋጋ የሥራ ሰዓት አለ ማለት አይደለም።

ትምህርት ቤቶች በሌላ ሕግ ይመራሉ። በ1975 የወጣውና ኋላ ላይ የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ የሚል ስያሜ ያገኘው የፌዴራል ሕግ ኦኩፔሽናል ቴራፒን ልጁ ከልዩ ፍላጎት ትምህርት እንዲጠቀም ከሚያስፈልጉ ተዛማጅ አገልግሎቶች መካከል ይመድበዋል። በካሊፎርኒያ ባለሙያው የሚሠራው በግዛቱ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ቦርድ ፈቃድ እንጂ በመምህርነት ፈቃድ አይደለም። በዚህም ምክንያት ብዙውን ጊዜ የሚመደበው በመምህራን የደመወዝ ስኬል ላይ ሳይሆን የመምህርነት ፈቃድ ከማይጠየቁ ሠራተኞች ጋር ነው። ጡረታውም ከመምህራኑ የጡረታ ፈንድ የተለየ ነው። ከ900 በላይ የሆኑት የትምህርት ወረዳዎች እያንዳንዳቸው ከሠራተኛ ማኅበር ጋር ተደራድረው ስኬላቸውን ስለሚያወጡ፣ ጎረቤት በሆኑ ሁለት ወረዳዎች መካከል እንኳ ልዩነት ይፈጠራል።

ልዩነቱን ጎላ አድርጎ የሚያሳይ አንድ አሠራር አለ። የካሊፎርኒያ የሕፃናት አገልግሎት የተባለው ፕሮግራም እንደ ሴሬብራል ፖልዚ ያሉ ችግሮች ላሉባቸው ልጆች ሕክምና የሚሰጡ ክፍሎችን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ ያቋቁማል፤ ባለሙያዎቹ ግን የካውንቲ ተቀጣሪዎች ናቸው። በመሆኑም በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ በትምህርት ወረዳው፣ ሌላው በካውንቲው ስኬል የሚከፈላቸው ሁለት ባለሙያዎች ሊገኙ ይችላሉ። ቦታው አንድ፣ ሙያው አንድ፣ ፈቃዱ አንድ ነው፤ የሚለየው ከፋዩ ብቻ ነው።

ይህ በአካባቢ ደረጃ ሲጠቃለል ምን እንደሚፈጥር በምናባዊ ቁጥሮች እናስላ። በሁለት አካባቢዎች ነርሲንግ ተቋማት 110,000 ዶላር፣ ትምህርት ቤቶች 80,000 ዶላር ይከፍላሉ እንበል። በመጀመሪያው አካባቢ ከ100 ባለሙያዎች 80ዎቹ በነርሲንግ ተቋማት፣ 20ዎቹ በትምህርት ቤት ቢሠሩ አማካዩ 104,000 ዶላር ይሆናል። በሁለተኛው 40ዎቹ በነርሲንግ ተቋማት፣ 60ዎቹ በትምህርት ቤት ቢሠሩ አማካዩ ወደ 92,000 ዶላር ይወርዳል። በካርታው ላይ የ12,000 ዶላር የቦታ ልዩነት ይነበባል፤ ነገር ግን አንድም ቀጣሪ በቦታ ምክንያት የተለየ ክፍያ አልከፈለም።

ቦታ በቀመር ውስጥ ሲገባ

ይህ ማለት ቦታ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዋናው ጥያቄ ቦታ ወደ ደመወዝ የሚገባው በየትኛው በር ነው የሚለው ነው።

ሜዲኬር ክፍያውን በአካባቢ ያስተካክላል። ለግል ክሊኒኮች በሚከፈለው ታሪፍ ላይ የሥራ፣ የአገልግሎት መስጫ ወጪና የሙያ ተጠያቂነት መድን መለኪያዎች በየቀጠናው ይሰላሉ። ካሊፎርኒያ ለረጅም ጊዜ በ9 የክፍያ ቀጠናዎች ብቻ ተከፍላ የኖረች ሲሆን፣ ከ2017 ጀምሮ ቀጠናዎቹ ከከተማ አካባቢዎች ጋር እንዲጣጣሙ ተደርገው ወደ 27 አደጉ። በነርሲንግ ተቋማትና በቤት ለቤት ሕክምና ደግሞ ክፍያው የሚስተካከለው ከአካባቢው ሆስፒታሎች ደመወዝ በሚሰላ መለኪያ ነው። ለነርሲንግ ተቋም የሚታየው ተቋሙ ያለበት ቦታ ሲሆን፣ ለቤት ለቤት ሕክምና የሚታየው የታካሚው መኖሪያ ነው።

ይህ መለኪያ ራሱን የሚመግብ ባሕርይ አለው። ሆስፒታሎቹ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፍሉበት አካባቢ ዝቅተኛ መለኪያ ያገኛል፤ ዝቅተኛ መለኪያ ዝቅተኛ ገቢ ያስከትላል፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተቋም ደግሞ ደመወዝ ከፍ አድርጎ ባለሙያ ለመሳብ ይቸገራል። መለኪያው የሚሰላው ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበሩ የወጪ ሪፖርቶች በመሆኑ፣ አንድ አካባቢ ዛሬ ደመወዝ ቢጨምር እንኳ ውጤቱ በክፍያው ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በመሆኑም ያለፈው ዘመን ልዩነት ወደ መጪው ይሻገራል።

የትምህርት ቤቶች ቀመር ከዚህ ተቃራኒ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2013 ጀምሮ በምትጠቀምበት የወረዳዎች ድጎማ ሥርዓት ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው መነሻ ድጎማ በክፍል ደረጃ እንጂ በአካባቢ የኑሮ ውድነት አይለያይም። በሳን ሆሴና በቪሴሊያ ለሚገኙ ወረዳዎች መነሻው አንድ ነው። ከዚህ የሚያመልጡት የንብረት ግብራቸው ከድጎማው ስሌት የሚበልጥ ሀብታም ወረዳዎች ናቸው። ስለዚህ ኑሮ ውድ በሆነበት፣ ነገር ግን የንብረት ግብሩ ባልተረፈበት ወረዳ የትምህርት ቤቱ ደመወዝ ከአካባቢው ሆስፒታል ጋር ያለው ርቀት እንደሚሰፋ ይጠበቃል። አንዱ ከፋይ ቦታን ያያል፤ ሌላው አያይም።

የባለሙያ አቅርቦትም ሦስተኛው በር ነው። በግዛቱ ለረጅም ጊዜ የታወቁት አብዛኞቹ ማሠልጠኛዎች በሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ በሎማ ሊንዳና በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ይገኛሉ። ተማሪዎች የተግባር ልምምዳቸውን ባደረጉበት አካባቢ ሥራ የመጀመር ዝንባሌ አላቸው። ስለዚህ ማሠልጠኛ በበዛበት ትልቅ ከተማ ኑሮው ውድ ቢሆንም አዲስ ተመራቂዎች ስለሚፎካከሩ ደመወዙ የኑሮውን ያህል ላይጨምር ይችላል። ከማሠልጠኛ የራቀ አካባቢ ግን ኑሮው ርካሽ ሆኖም ባለሙያ ለመሳብ ከፍ ያለ ክፍያ ለማቅረብ ሊገደድ ይችላል።

የደመወዝ ዋጋና የዓመቱ ርዝመት

ከላይ የተዘረዘሩትን ምክንያቶች የተረዳ አንባቢ እንኳ ሁለት ማስተካከያዎችን ሳያደርግ ማነጻጸር አይገባውም።

የመጀመሪያው የኑሮ ዋጋ ነው። የአሜሪካ የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ የአገሪቱን አማካይ 100 አድርጎ የየአካባቢውን የዋጋ ደረጃ ያወጣል። በዚህ መለኪያ ካሊፎርኒያ በቅርብ ዓመታት ከ110 በላይ ሆና ከውድ ግዛቶች ተርታ ትሰለፋለች፤ በውስጧ ያለው ልዩነትም በተለይ በቤት ኪራይ ምክንያት ሰፊ ነው። ለምሳሌ ያህል የዋጋ ደረጃው 118 በሆነበት ከተማ 125,000 ዶላር የሚያገኝ ባለሙያ ገቢው በአገራዊ አማካይ ዋጋ ሲመነዘር ወደ 105,900 ዶላር ይሆናል። ደረጃው 98 በሆነበት ከተማ 105,000 ዶላር የሚያገኘው ደግሞ ወደ 107,100 ዶላር ይደርሳል። በወረቀት ላይ 20,000 ዶላር የቀደመው ሰው በገበያው ውስጥ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ሁለተኛው የሥራ ዓመቱ ርዝመት ነው። በትምህርት ቤት 185 ቀናት፣ በቀን 7.5 ሰዓት እየሠራ 80,000 ዶላር የሚከፈለው ባለሙያ በሠራበት ሰዓት ሲካፈል ወደ 58 ዶላር ያገኛል። በነርሲንግ ተቋም 110,000 ዶላር እየተከፈለው፣ ፈቃድና በዓላት ተቀንሰው 235 ቀናት በቀን 8 ሰዓት የሚሠራው ደግሞ ከ58 ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ያገኛል። በዓመት የ30,000 ዶላር የሚመስለው ክፍተት በሰዓት ሲታይ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። በተጨማሪም በመንግሥትና ለትርፍ ባልቆሙ ተቋማት ውስጥ ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው 120 ወርኃዊ ክፍያዎችን ከፈጸመ በኋላ ቀሪው የፌዴራል የትምህርት ብድሩ የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ። የትምህርት ወረዳዎች በዚህ ሲካተቱ፣ በካሊፎርኒያ አብዛኞቹ የነርሲንግ ተቋማት ለትርፍ የሚሠሩ በመሆናቸው አይካተቱም። ከድኅረ ምረቃ ትምህርት ዕዳ ጋር ለሚወጣ ተመራቂ ይህ ከደመወዙ ጋር ሊደመር የሚገባው ጥቅም ነው።

ለተጨማሪ ጥናት የሚሆኑ ምንጮች

ጉዳዩን በከፋይ ለይቶ ለማጥናት ለሚፈልግ ተማሪ ሁለት ክፍት ምንጮች አሉ። አንደኛው የካሊፎርኒያ ግዛት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ክፍያ መዝገብ ነው፤ በዚህ የካውንቲና የሌሎች መንግሥታዊ ተቋማት ክፍያዎች በሥራ መደብ ተለይተው ይገኛሉ። ሁለተኛው የሥራ ማስታወቂያዎች ናቸው። ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ቀጣሪዎች በማስታወቂያቸው ላይ የደመወዙን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን እንዲገልጹ የግዛቱ ሕግ ያስገድዳል። ማስታወቂያው ቀጣሪው ሊከፍል ያሰበውን እንጂ የከፈለውን አያሳይም፤ ይሁን እንጂ ከቢሮው ጥናት ጋር ሲጣመር በአንድ አካባቢ ውስጥ ያለውን የከፋይ ልዩነት ለማየት ያስችላል። በሁለቱም ምንጮች ጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ባሉባቸው ካውንቲዎች አንድ ሰው ሲቀጠር ወይም ሲለቅ አማካዩ እንደሚናወጥ መዘንጋት አይገባም።

ማጠቃለያ

የካሊፎርኒያ ምሳሌ የሚያስተምረው የግዛት አማካይ ደመወዝ ሐሰት መሆኑን ሳይሆን የብዙ ውሳኔዎች ድምር መሆኑን ነው። ከቁጥሩ በስተጀርባ የሜዲኬር የክፍያ ቀመር፣ የትምህርት ወረዳዎች ድጎማ፣ የካውንቲ ስኬል፣ የማሠልጠኛዎች አቀማመጥና የቤት ኪራይ አሉ። ስለዚህ ማንኛውንም የደመወዝ ቁጥር የሚጠቅስ ተመራማሪ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስቀድም ይበጃል፦ ቁጥሩ ምንን ያካትታል? ከፋዩ ማን ነው? ገንዘቡ የሚገዛው በየትኛው ገበያ፣ የሚሠራውስ ለስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄዎቹ የስሌት ጥራት ጉዳይ ብቻ አይደሉም። ችግሩ የቦታ ነው ብሎ የሚያምን ፖሊሲ አውጪ ለገጠሩ ሁሉ ወጥ የሆነ ጭማሪ ያቅዳል። ችግሩ የከፋይ ከሆነ ግን ጭማሪው ባለሙያውን ከትምህርት ቤቱ ወደዚያው ከተማ ሆስፒታል ከማዘዋወር የተለየ ውጤት ላያመጣ ይችላል፤ ሆስፒታሉ ክፍት ቦታውን ሲሞላ እርሳስ መያዝ ያልቻለው ልጅ መጠበቁን ይቀጥላል። የሙያው ሥልጠና ገና በተጀመረበት በአገራችን የሥራ መደቦችና ስኬሎች ወደፊት ሲቀረጹ፣ ባለሙያው በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሲመደብ ከፋዩ ማን እንደሚሆን ከወዲሁ መጠየቅ ይህን ስህተት ላለመድገም ይረዳል።